አሮማቴራፒ ስታስተምሩ የመጀመሪያውን ቀን ለምን ትሰጡታላችሁ? ለማሽተት ወይስ ለመመዘን?

ብልቃጥ፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ማሳጅና የፊት እንክብካቤ አስተምራለሁ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 12 ሰልጣኞች ይዤ የአሮማቴራፒ (በተክል የመዓዛ ዘይት የሚሰጥ እንክብካቤ) ምርት አቀማመምና አያያዝ ልጀምር ነው። የማሳጅ ዘይት፣ በሰም የሚሠራ ቅባት፣ የክፍል ስፕሬይ። ያለኝ ስድስት ሳምንት ነው።

እስከ ዛሬ የመጀመሪያውን ቀን የምሰጠው ለማሽተት ነበር። ጠጅ ሳር፣ የጥብስ ቅጠል፣ ባህር ዛፍ፣ ዕጣን፣ ላቬንደር በየተራ ይከፈታል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ሚዛን የሚመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነበር። እስከዚያ ድረስ በጠብታና በግምት፣ «ትንሽ ጨምሪበት» እየተባባሉ ይሠራሉ።

ባለፈው ዙር አንዲት ሰልጣኝ ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይት ወደ ማሳጅ ዘይቷ በግምት አፈሰሰች። መዓዛው አሪፍ ነበር። ክንዷ ላይ ቀባችውና በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ከሁለት ቀን በኋላ ክንዷ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ መጣች። ቁስሉ ዳነ። ቡናማው ምልክት ግን ለወራት አልለቀቃትም። ስንት እንደጨመረች ስጠይቃት መልስ የላትም። ወረቀት ላይ ምንም አልጻፈችም። ጻፊ ያላት ሰውም አልነበረም። ያ ሰው እኔ መሆን ነበረብኝ።

አሁን ቅደም ተከተሉን መቀየር እፈልጋለሁ። ያስተማራችሁ፣ የተማራችሁ፣ ሠርታችሁ የምትሸጡ፣ እባካችሁ ልምዳችሁን አካፍሉኝ።

ጠብታ በጠብታ፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ ይህን ሳትደብቂ በመጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። እኔ ለረጅም ዓመት በፋርማሲ የሠራሁ ሰው ነኝ። መድኃኒት መቀመም ስንማር ከሁሉ በፊት የተሰጠን ሚዛን ነው። ያንቺም ሰልጣኞች ቀማሚዎች ናቸው። ሚዛኑን አስቀድሚ።

ጠብታ መለኪያ አይደለም። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ነው ይባላል። ግን የብልቃጡ አፍ ይለያያል፣ የዘይቱ ውፍረት ይለያያል፣ የእጅ አያያዝ ይለያያል። ከአንዱ ብልቃጥ 20 ጠብታ የሞላው ከሌላው 30 ሊፈልግ ይችላል። አሥራ ሁለቱም ከተለያየ ብልቃጥ 20፣ 20 ጠብታ ሚዛን ላይ ያንጠባጥቡ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፊው። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

በግራም ሲሆን ስሌቱ ቀላል ነው። 100 ግራም የማሳጅ ዘይት በ2 ፐርሰንት ማለት 98 ግራም የሰሊጥ ዘይት፣ 2 ግራም የመዓዛ ዘይት ነው። ለፊት 1 ፐርሰንት ይበቃል፤ 99 ለ1 ማለት ነው። ቆዳው የሚቆጣ ሰው ወይም አረጋዊ ከሆነም ወደ 1 ውረዱ። ሦስት ዓይነት ዘይት ቢቀላቀል ደግሞ 2 ፐርሰንቱ የሦስቱ ድምር ነው። ሰልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ 2 እያለ 6 ያደርሰዋል።

ከዚያ እያንዳንዱ ዘይት የራሱ ጣሪያ አለው። ከቅርፊቱ የወጣ የቀረፋ ዘይት ቆዳ ላይ ከ0.07 ፐርሰንት እንዳያልፍ ይመከራል። ቅርንፉድ ከ0.5። ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይት፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ የሚቆይ ከሆነ፣ ከ0.7። ቤርጋሞት የሚባለው የብርቱካን ዘመድ ከ0.4። በእንፋሎት የወጣው የሎሚ ዘይት ግን ያን ችግር አያመጣም። ቆዳን ከፀሐይ ጋር የሚያጣላው ንጥረ ነገር ከባድ ስለሆነ ከእንፋሎቱ ጋር አይነሳም። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ «ሎሚ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ተጨምቆ ነው ወይስ በእንፋሎት የወጣው? ይህ ካልተጻፈ አትክፈቱት።

ለ100 ግራም ዘይት የሚገባው 0.07 ግራም ቀረፋ እንዴት ይመዘናል የምትል ካለች፣ በቀጥታ አይመዘንም። አስቀድማ 1 ግራም ቀረፋ በ9 ግራም ዘይት ታቅጥነው። ከዚያ ላይ 0.7 ግራም ብትወስድ 0.07 ግራም ቀረፋ ወሰደች ማለት ነው። ሚዛኑ 0.01 ግራም የሚያነብ መሆን አለበት። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ አይሆንም።

ኮሰረት፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡02

ጋሼ፣ በሚዛኑ እስማማለሁ። ግን አፍንጫውን ጨርሶ አትግፉት። እኔ ሀዋሳ አካባቢ ቅጠል በእንፋሎት ከሚያጣሩ ሰዎች ዘይት እየተቀበልኩ እሠራለሁ። የተበላሸ ዘይት መጀመሪያ የሚታወቀኝ በአፍንጫ ነው።

የሎሚና የብርቱካን ዘይት አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይለወጣል። ያ ትኩስ የልጣጭ መዓዛ ይጠፋና የቀለም ማቅጠኛ የመሰለ ነገር ይመጣል። የተለወጠው ዘይት ከትኩሱ ይልቅ ቆዳን ያስቆጣል። አለርጂ የሚያመጣው በአብዛኛው ያ የቆየው ነው። ላቬንደርና ቲ ትሪም እንደዚሁ። ስለዚህ ማሽተት መዝናኛ ሳይሆን ምርመራ ይሁን። አንድ ትኩስ፣ አንድ ዓመት ተኩል ተከፍቶ የቆየ፣ ጎን ለጎን። በወረቀት ቁራጭ ላይ ነክሮ ከአፍንጫ ራቅ አድርጎ ማሽተት ነው፤ ብልቃጡን አፍንጫ ሥር አስጠግቶ መሳብ አይገባም። 12 ሰው በአንድ ክፍል ሲከፍት ደግሞ ራስ ምታት አይቀርም። መስኮት ይከፈት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ውጡ። አስም ያለበት ሰው ካለ ከመጀመሩ በፊት ጠይቂ።

ሌላው ስሙ ነው። ባህር ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ግሎቡለስ የሚባለው ነጩ ባህር ዛፍ ዘይቱ አብዛኛው ሲኒዮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አፍንጫ የሚከፍተው እሱ ነው። ሲትሪዮዶራ የሚባለው ደግሞ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ በውስጡ ያለው ሌላ ነገር ነው። ገበያ ላይ ሁለቱም «የባህር ዛፍ ዘይት» ተብለው ይሸጣሉ። ሳይንሳዊ ስሙን የማይነግር ሻጭ ዘንድ አልገዛም።

ብልቃጥ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ኮሰረት፣ «ማሽተት ምርመራ ይሁን» ያልሽው ገብቶኛል። እስካሁን የትኛው ደስ ይላል እያልኩ ነበር የማስሸትታቸው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰልጣኞቼ «ዘይት» የሚለውን ቃል ለሁሉም ይጠቀሙበታል። የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የላቬንደር ዘይት አንድ ዓይነት ነገር ይመስላቸዋል። እንዴት ነው የምትለዩላቸው?

ኮሰረት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡40

ነጭ ወረቀት። በአንድ በኩል አንድ ጠብታ የተጨመቀ ጥቁር አዝሙድ፣ በሌላ በኩል አንድ ጠብታ ጠጅ ሳር። እስከ ነገ ይቀመጥ። ጠጅ ሳሩ በኖ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይ ቅባት አይተውም። ጥቁር አዝሙዱ ግን እንደ ሳንቡሳ ወረቀት አድርጎት ይገኛል። የሚበነው የመዓዛ ዘይት ነው፣ ሳይቀጥን ቆዳ አይነካም። የማይበነው ማቅጠኛ ነው። በዚሁ መንገድ የምግብ ዘይት የተጨመረበት ሐሰተኛ የመዓዛ ዘይትም ይያዛል።

ስለ ዕጣንም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ሀብት ላይ ብዙ ውሸት ይነገራል። «የዕጣን ዘይታችን ቦስዌሊክ አሲድ አለው፣ ለመገጣጠሚያ ይሆናል» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ቦስዌሊክ አሲድ ሙጫው ውስጥ አለ። ግን ከባድ ነው፤ በእንፋሎት ሲጣራ አብሮ አይወጣም። ሰልጣኞችሽ ይህን ይወቁ። ዕጣናችን ያለዚያም ክቡር ነው።

አዲስ ሰልጣኝ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7፡20

ሰላም፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ጤና አዳም ቡና ላይ አድርገን ስንጠጣ ነው ያደግነው። ታዲያ የጤና አዳም ዘይት ለማሳጅ ቢሆን ምን ችግር አለው? ተፈጥሮ አይደል?

ጠብታ በጠብታ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡05

ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም ስኒ ውስጥ ስታደርጊ የምታገኚው ዘይት እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ብልቃጥ ዘይት ለማውጣት ግን ብዙ ኪሎ ቅጠል በእንፋሎት ይጣራል። የተሰበሰበው ጥሩው ብቻ አይደለም፤ ቆዳ የሚያቃጥለውም አብሮ ተሰብስቧል። የጤና አዳም ዘይት ከፀሐይ ጋር ከሚያጣሉት አንዱ ነው። ቆዳ ላይ ለሚቆይ ምርት የተቀመጠለት ጣሪያ 0.15 ፐርሰንት ነው። እርጉዝ ሴት ዘንድ ጨርሶ አይቅረብ፤ ማህፀን ያነሳሳል። ለጀማሪ ክፍል ዘይቱን ባታስገቡት እመርጣለሁ።

ባህር ዛፍም ላይ ልብ በሉ። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተን እንታጠናለን። የመዓዛ ዘይቱ ግን ከቅጠሉ በብዙ እጥፍ የከረረ ነው። ሕፃናትና ትንንሽ ልጆች ፊት ላይ፣ አፍንጫቸው አጠገብ አይቀባም፤ እስትንፋሳቸውን ሊያውክ ይችላል። በፈላ ውሃ ማሰሮ ላይ ልጅ ማጎንበስም ይቅር። ማሰሮው ተገልብጦ የተቃጠሉ ልጆች አይቻለሁ።

ድሬ 35፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡50

እኔ ከድሬዳዋ ነኝ። ስለ ማስቀመጥ ማንም አላነሳም። እዚህ እኛን የሚያሰቃየን እሱ ነው።

መጀመሪያ ስጀምር ዘይቶቼን ቆንጆ አድርጌ መደርደሪያ ላይ ከመስኮት ፊት ለፊት ደረደርኳቸው። ግልጽ ብልቃጥ ነበር። ሙቀት፣ ብርሃን፣ ግማሽ የጎደለ ብልቃጥ። ሦስቱም ጠላቶች አንድ ላይ። በዓመቱ ግማሹን ጣልኩት። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቡናማ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ። ዘይቱ ሲጎድል ወደ ትንሽ ብልቃጥ አዛውራለሁ፣ ከላይ አየር እንዳይኖር። ፍሪጅ ውስጥ ለብቻው ክዳን ባለው ሳጥን አስቀምጣለሁ። ለብቻው የምለው እንጀራውና ቅቤው ቅርንፉድ ቅርንፉድ እንዳይል ነው። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ እጽፋለሁ። ብርቱካንና ሎሚ ከተከፈተ ከአንድ ዓመት በላይ ቆዳ ላይ አላውለውም።

የላስቲክ ጎማ ያለው ጠብታ ማውጫ ተክላችሁበት አታስቀምጡ። ትነቱ ጎማውን ያሟሟዋል፣ ሙጭ ሙጭ ይላል፣ ከዚያ ወደ ዘይቱ ይገባል። ፕላስቲክም እንደዚያው። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት የስታይሮፎም ኩባያ ላይ አንጠባጥቡና ተመልከቱ። ኩባያው ፊታችሁ ይበሳል። ይህን ያየ ሰልጣኝ በውሃ ሃይላንድ ዘይት አይገለብጥም።

ለማቅጠኛ ኑግን ተዉት። ቶሎ ይከረፋል። ሰሊጥ የተሻለ ይቆያል። ጆጆባ ከተገኘ በጣም ይቆያል፣ ግን ዋጋው አይቀመስም።

እሳትም አለ። የብርቱካንና የባህር ዛፍ ዘይት ወደ 50 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ትነቱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ቡታጋዝ ባለበት ክፍል አይቀመምም። ዘይት የጠረጋችሁበትን ጨርቅም አጠቅልላችሁ ጥግ አትወርውሩ። በተለይ ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ ግሎ ሊነሳ ይችላል።

የፍራንክፈርቷ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡30

ሰላም ከጀርመን። ድሬ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ መዝገብ ነው።

እዚህ የሰም ቅባት ሠርቼ በገና በዓል ገበያ ላይ ልሸጥ ፈልጌ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የኮስሞቲክስ ደንብ ቁጥር 1223/2009 አንድ ማሰሮ ቅባት ብትሸጪም ይመለከትሻል። ለእያንዳንዱ ምርት ባለሙያ የፈረመበት የደህንነት ግምገማ ያስፈልጋል። ገበያ ከመውጣቱ በፊት ምርቱ ይመዘገባል። አለርጂ ሊያመጡ የሚችሉ ተብለው የተዘረዘሩት የመዓዛ ንጥረ ነገሮች፣ እንደ ሊናሎልና ሊሞኒን ያሉት፣ ቆዳ ላይ በሚቆይ ምርት ውስጥ ከ0.001 ፐርሰንት ካለፉ ስማቸው ሌብሉ ላይ ይጻፋል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሰነዱን ስሞላ ግን ስለራሴ ቅባት የማላውቀው ብዙ መሆኑን አየሁ።

ስለዚህ ሰልጣኞችሽ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ይሙሉ። የምርቱ ስም፣ የባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተሠራው ሁሉ የሚለይበት ቁጥር)፣ የተሠራበት ቀን፣ እያንዳንዱ ዘይት በግራም ስንት፣ ዘይቱ ራሱ ከየት ተገዛ፣ የራሱ ባች ቁጥር፣ መቼ ተከፈተ፣ ማን መዘነ፣ ማን አየ። ሁለተኛ ሰው ይፈርም። የባች ቁጥሩ ብልቃጡ ላይም ይለጠፍ። አንድ ደንበኛ አሳከከኝ ብላ ብትመጣ ከአንድ ቁጥር ተነስተሽ እስከ ገዛሽበት ሱቅ ድረስ መድረስ ትችያለሽ። ያቺ ሰልጣኝሽ ይህ ገጽ ቢኖራት ኖሮ ስንት እንደጨመረች ታውቂ ነበር።

ሜሪላንድ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 12፡15

እኔ አሜሪካ ነው የምሠራው። እዚህ ደግሞ አንዲት ቃል ዋጋ አላት። ቅባትሽ ላይ «ቆዳ ያለሰልሳል» ካልሽ ኮስሞቲክስ ነው። «ራስ ምታት ያድናል»፣ «ለአስም ይረዳል» ካልሽ በሕግ ዓይን መድኃኒት ሆነ፤ እንደ መድኃኒት ልትጠየቂበት ነው። ሰልጣኞች ሌብል ሲጽፉ «ያክማል» የምትለው ቃል በጣም ታምራቸዋለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲጠነቀቁባት አስለምጃቸው።

አንድ የግል ነገር ልናገር። ልጄ ሁለት ዓመት ሳለ ከቦርሳዬ የባህር ዛፍ ዘይት አውጥቶ ወደ አፉ አስጠጋው። ደርሼ ነጠቅሁት። ከንፈሩን ብቻ ነበር የነካው። ግን ጥቂት ሚሊ ሊትር ሕፃንን ራሱን ሊያስተው እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ሕፃን የማይከፍተው ክዳን የሌለው ብልቃጥ ቤቴ አይገባም። ሰልጣኞችሽ ይህንንም ይማሩ። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት። ዘይቱ ሲመለስ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ብልቃጡን ይዞ በፍጥነት ወደ ሕክምና። ዓይን ከገባ በብዙ ውሃ ለረጅም ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም። ሳይቀጥን ቆዳ ላይ ከፈሰሰ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጠርጎ፣ ከዚያ በሳሙናና ውሃ።

አዲስ ሰልጣኝ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1፡40

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አትቆጡኝ። የክፍል ስፕሬይ ስሠራ ውሃ ላይ 20 ጠብታ ላቬንደር ጨምሬ እነቀንቃለሁ። ሁለት ወር ሆነው። ልክ ነው?

ጠብታ በጠብታ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2፡30

ማን ይቆጣሻል። ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ።

ልክ አይደለም፣ በሁለት ምክንያት። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ነቅንቀሽ ስትረጪ አንዳንዴ የሚወጣው ያልቀጠነ ዘይት ነው፤ ፊት ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። ማዋሃጃ ያስፈልገዋል። ፖሊሶርቤት 20 የሚባለው ለዚህ ይውላል። ወተትና ጨው አያዋሕዱም፣ ለገላ መታጠቢያ የሚመክሩ ስላሉ ነው የጠቀስኩት። ሁለተኛው፣ ውሃ ባለበት ሁሉ ጀርም ያድጋል። ላቬንደሩ አያግደውም። የታወቀ መከላከያ በልኩ ይገባል፣ ወይም ለዛሬ የሚበቃው ብቻ ተሠርቶ ዛሬ ያልቃል። የሮዝ ውሃና ሌላውም ከማጣሪያ የሚወጣ ውሃ እንዲሁ ነው። የሁለት ወሩን ድፊው።

ብልቃጥ እህቴ፣ ለጀማሪ ክፍል ስፕሬዩን ወደ መጨረሻው ሳምንት ግፊው። ውሃ የሌለበት የሰም ቅባትና የማሳጅ ዘይት ይቅደም። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በውሃ ላይ ደርቦ ማቅለጥ፣ ከዚያ ከእሳት አውርዶ መጠጠር ሊጀምር ሲል የመዓዛውን ዘይት መጨመር። በጋለበት ከተጨመረ መዓዛው በኖ ይሄዳል፣ ትነቱም ያስላል። የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሄደው የሚጠየቀውን ይጠይቁ።

ብልቃጥ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9፡00

ለሁላችሁም ሰላም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የሚዛን ሆነ። ጋሼ ባሉት መሠረት 20 ጠብታ አስመዘንኳቸው። ሰሌዳው ላይ ትንሹ 0.58 ግራም፣ ትልቁ 0.94 ግራም ነበር። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ በጠብታ የሚቆጥር የለም።

ሁለተኛው ቀን የኮሰረት ወረቀትና የድሬ ኩባያ። የቆየውን ብርቱካን ያለ እኔ ርዳታ ከ12ቱ 9 ለዩት። የጤና አዳም ዘይት ክፍሉ ውስጥ የለም። ቀረፋ በ10 ፐርሰንት ቀጥኖ ብቻ ነው የሚገኘው።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ነገር ሞከርኩ። የሠሩትን ቅባት ተለዋወጡ። እያንዳንዷ የሌላዋን ማሰሮ ይዛ፣ ሳትከፍተው፣ ሌብሉን ብቻ እያነበበች መለሰች። ምን አለበት? በስንት ፐርሰንት? መቼ ተሠራ? እስከ መቼ ይቆያል? ማን መጠቀም የለበትም? ሁለት ማሰሮዎች ወደቁ። አንደኛው ላይ የሎሚው ዘይት ተጨምቆ ይሁን በእንፋሎት የወጣ አልተጻፈም። ሁለተኛው ቀን አልነበረውም። ሁለቱም እንደገና ተሠሩ።

ያቺ የባለፈው ዙር ልጅ ባለፈው ማክሰኞ መጥታ ነበር። ራሷ ናት ልምጣ ያለችው። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየቻቸው። ምልክቱ ፈዝዟል፣ ግን ከቀረቡት ይታያል። አንዷ «ስንት ጨምረሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። «አላውቅም፣ አልጻፍኩትም» አለቻት። ከዚያ ጓንት አጠለቀች፣ ሚዛኑን ዜሮ አደረገች፣ አብራቸው መመዘን ጀመረች። የዚያን ቀን በሁለተኛ ሰው ቦታ ላይ የፈረመችው እሷ ናት።